ስለ መኪና ጥገናና ስለ ዓመት ምርመራ፤ ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐ ቤቴ ለሚጓዙ ቤተ ሰቦች

ቤተ ሰብን የሚመለከት ነገር ኹሉ በዚህ ገጽ ስፍራ አለው። ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ምግብ አዘገጃጀትና ስለ ቤት ንጽሕና የሚሰጠው ምክር ለቤተ ሰብ ጤንነት እንደሚጠቅም ኹሉ፣ ቤተ ሰቡ ተሳፍሮ ስለሚሄድበት መኪና ማወቅም ከዚያ ያነሰ ጥቅም የለውም። እናት ልጇን ብርድ እንዳይመታው በጋቢ ጠቅልላ፣ ስንቁን አሰናድታ ከአዲስ አበባ ወደ መሐል ሜዳ ስትነሣ ብዙ ነገር አስባለች። ነገር ግን የመኪናው ፍሬን መቼ እንደ ታየ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከቤቱ ከጠፋ፣ ዋናው ነገር ሳይታሰብ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ መኪና ጥገናና መንግሥት በየዓመቱ ስለሚያዘው ምርመራ ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል።

መኪና ወደ ዋና ከተማችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በኩል በረሓውንና ዳገቱን አልፎ አዲስ አበባ ባደረሰው ጊዜ፣ ከደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ተሳፍረው ሞከሩት። ከዚያ ዘመን ወዲህ መኪና የጥቂት ሰዎች መደነቂያ መኾኑ ቀርቶ የብዙዎች መገልገያ ኾነ። የመኪናን ክፍሎች የምንጠራባቸው ስሞች ግን አብዛኞቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጐማ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ባልስትራ፣ ፍሬቻ፣ ሊብሬና ቦሎ የምንላቸው ኹሉ ከዚያው ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። ሊብሬ ከ«ሊብሬቶ» የመጣ ሲኾን ትንሽ መጽሐፍ ማለት ነው፤ ቦሎም ማኅተም ማለት ነው። ፍሬን የምንለውም ቃል «ፍሬኖ» ከሚለው የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ይህ ቃል የመኪናውን ማቆሚያ ብቻ ሳይኾን የፈረስንም ልጓም ይጠራበታል።

ይህን የቃል ትርጕም ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የመንዝና የመርሐ ቤቴ አባቶች በበቅሎ ገደል በሚወርዱበት ጊዜ፣ ከቍልቍለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ወርደው ልጓሙን፣ የኮርቻውን ጥብቀትና የበቅሎዪቱን ኮቴ ሳያዩ አይወርዱም ነበር። ማንም መርማሪ አላዘዛቸውም፤ ማንም ወረቀት አልሰጣቸውም። ገደሉን ስለሚያውቁ ብቻ ያደርጉት ነበር። በቅሎ ደግሞ ስትደክም ትቆማለች፤ ስትፈራም እንቢ ትላለች። መኪና ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፤ ሞተሩ ደኅና ሲኾን ፍሬኑ ታሞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በቅሎዪቱ ለራሷ ታስብ የነበረውን ነገር ዛሬ የመኪናው ባለቤትና ነጂው ማሰብ አለባቸው።

በመዠመሪያ ኹለት የተለያዩ ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰዎች አንድ አድርገው ያዩአቸዋልና። አንደኛው የዓመት ምርመራ ነው፤ ኹለተኛው ሰርቪስ የምንለው ጥገና ነው። የዓመት ምርመራ የመንግሥት ሥራ ነው፤ መኪናው በመንገድ ላይ ሌላውን ሰው ሳይጐዳ ሊሄድ የሚችል መኾኑን ለማየት የሚደረግ ነው። ሰርቪስ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው፤ መኪናው ሳይታመም እንዲቈይ የሚደረግ እንክብካቤ ነው። ምርመራው ሐኪም አንድ ቀን አይቶ እንደሚሰጠው የጤና ወረቀት ሲኾን፣ ሰርቪሱ ሰውየው በየቀኑ የሚበላው ምግብና የሚጠብቀው ንጽሕና ነው። የጤና ወረቀት በሣጥኑ ውስጥ ስላለ ብቻ ምግብ የሚተው ሰው የለም።

ስለ ምርመራው ሕግ ተጽፏል። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው አዋጅ ቍጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ቀርቦ እንዲመረመር ያዛል። ምርመራውን ያለፈ መኪና ቦሎ የምንለውን ምልክት ተቀብሎ በፊት መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ደግሞም በአዋጅ ቍጥር 799/2005 እንደ ታዘዘው ማንኛውም ተሽከርካሪ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን ሊኖረው ይገባል። እነዚህ ኹለት አዋጆች አንድ ዐሳብ አላቸው፤ ይኸውም መኪና የባለቤቱ ንብረት ቢኾንም፣ አደጋው ግን የባለቤቱ ብቻ አለመኾኑን ማስታወቅ ነው።

በምርመራው ቦታ ምን እንደሚደረግ ያላዩ አንባቢዎች ቢኖሩ በአጭሩ እንገልጽላቸዋለን። መርማሪው አስቀድሞ የሞተሩንና የሻሲውን ቍጥር ከሊብሬው ጋራ ያመሳክራል። ቀጥሎ መብራቶቹን፣ ፍሬቻዎቹን፣ መስታወቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውን፣ ጡሩምባውንና የወንበር ቀበቶውን ያያል። የጐማዎቹን ጥርስ ይመለከታል፤ መሪው የላላ እንደ ኾነ ይፈትናል፤ የጭሱን ብዛት ይመዝናል። መሣሪያ ባለበት ቦታ መኪናው በሚሽከረከሩ በርሜሎች ላይ ይቆምና ፍሬን ሲያዝ የእያንዳንዱ ጐማ የመያዝ ኀይል ይለካል። በዚህ ጊዜ የቀኙና የግራው ጐማ ኀይል ሳይተካከል ቢቀር ትልቅ ጕድለት ነው፤ እንዲህ ያለ መኪና በድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጐትታልና። ይህ ኹሉ መልካም ሥራ ነው፤ የሚያከብረው ሰው ራሱን ያከብራል።

ኾኖም ምርመራው የማያየው ነገር መኖሩን ማወቅ ይገባል። መርማሪው ጐማ ፈትቶ የፍሬኑ ሸራ ምን ያህል እንደ ቀረ በውስጥ አያይም። የሞተሩ ዘይት ስንት ሺሕ ኪሎ ሜትር እንደ ሄደበት አይጠይቅም። የውኃ ማመላለሻው ጐማ ነገ ይቀደድ እንደ ኾነ ትንቢት አይናገርም። ከዚህም በላይ፣ የፍሬኑ ፈተና የሚደረገው በሜዳ ላይ፣ በቀዝቃዛ ፍሬን፣ ጥቂት ሴኮንዶች ለሚኾን ጊዜ ነው። መኪናው በቤተ ሰብና በጓዝ ተሞልቶ ረጅም ቍልቍለት ሲወርድ ምን እንደሚኾን በዚያ በርሜል ላይ ፈጽሞ አይታይም። ስለዚህ ቦሎ የአንድ ቀን ምስክር ነው እንላለን። በዚያ ቀን እውነተኛ ምስክር ነው፤ ከስምንት ወር በኋላ ለሚኾነው ግን ዋስ አይኾንም።

አኹን ነገሩን ወደ አገሩ መልክ እናምጣው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ በደጋው ሜዳ ላይ ስለሚሄድ ነጂውን አያስቸግርም። ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ሲደረስ ግን ምድሩ በድንገት ይቆረጣል። በዚያ ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ አለ። በዋሻው ያለፈ መንገደኛ ወደ ደብረ ሲና እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ይቀጥላል። ከጣርማ በር ከፍታ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከኾነው ደጋ ተነሥቶ፣ 1,300 ሜትር ገደማ እስከሚኾነው ቆላ ድረስ የሚወረደው በሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ መንዝ የሚሄደው ደግሞ ከጣርማ በር ታጥፎ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም የጓሳን ምድር አልፎ ወደ ግሼ ራቤል ይዘልቃል። ወደ መርሐ ቤቴ የሚሄደውም በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል አድርጎ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይወርድና እንደ ገና ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። በየትኛውም በኩል ቢኬድ ዳገትና ቍልቍለት አይቀርም።

የዚህን ቍልቍለት ብርታት በቍጥር ብናስረዳ ሳይሻል አይቀርም። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,800 ሜትር ያህል ወደ ታች ሲወርድ፣ ፍጥነቱን የሚገታው ፍሬኑ ብቻ ቢኾን፣ በፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ሰባ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን የሚያህል ሙቀት አራት ትንንሽ ብረቶች ይሸከሙት ዘንድ መጠበቅ ነው። ብረቱ ሲግል ሸራው የመያዝ ኀይሉን ያጣል፤ ነጂው ቢረግጥም መኪናው አይታዘዝለትም። ነጂዎች «ፍሬኑ እንቢ አለ» የሚሉት አንዱ ይህ ነው።

ኹለተኛው ደግሞ ከፍሬን ዘይት የሚመጣ ነው። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየሩ ውስጥ ርጥበት ይስባል። በተለምዶ ዶት 3 የሚባለው ዘይት ዐዲስ ሲኾን እስከ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቈያል፤ ርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። በፈላም ጊዜ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ግፊት አያስተላልፍም። ስለዚህ የፍሬኑ መርገጫ ባዶውን እስከ ወለሉ ይወርዳል። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ዓመቱን ሙሉ ያለ ችግር የሠራ ፍሬን በጣርማ በር ቍልቍለት ላይ እንዲህ ሲያደርግ፣ ሰው «ትናንት ደኅና ነበር» ይላል። ትናንት ደኅና የነበረው ስላልተፈተነ ነው። የዚህ መድኀኒት በጣም ርካሽ ነው፤ የፍሬን ዘይቱን በየኹለት ዓመቱ፣ ወይም የመኪናው ሠሪ ባዘዘው ጊዜ ማስለወጥ ነው።

ከዚህ ጋራ የአነዳዱ ሥርዐት አለ። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቍልቍለቱን መውረድ ይገባል የሚለው የቀድሞ ነጂዎች ምክር ዛሬም እውነት ነው። በከባድ ማርሽ የሚወርድ መኪና ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ያርፋል። ነዳጅ ለመቈጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው በፎሌ የሚወርዱ ግን የጥቂት ብር ነዳጅ አተረፍን ሲሉ የሰውን ሕይወት በመያዣ ይሰጣሉ። የአውቶማቲክ ማርሽ ባለቤቶችም መኪናቸው ዝቅተኛ ማርሽ የሚመርጥበት ስፍራ እንዳለው ሊያውቁና ሊጠቀሙበት ይገባል። በነፋስ ፍሬን የሚሠሩት አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖችም በነፋስ በርሜላቸው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ ያስፈልጋቸዋል፤ በተለይ የመንዝ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ወራት ይህ ውኃ በረዶ ኾኖ ቱቦውን ሊዘጋ ይችላልና።

ደጋው በሞተሩም ላይ ግብር ያስከፍላል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 70 ያህል ብቻ ነው። ሰው በመንዝ ዳገት ላይ እንደሚያለከልክ ሞተሩም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በተለይ ተርቦ የሌለው ሞተር ኀይሉ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የአየር ማጣሪያው በጠጠር መንገድ አቧራ ከታፈነ ድካሙ እጥፍ ይኾናል። ደግሞም በዚህ ከፍታ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው ክዳኑ ነው፤ ክዳኑ ውስጡን አፍኖ ግፊት ስለሚይዝ ውኃው ቶሎ አይፈላም። ስለዚህ ያረጀ የራዲያተር ክዳን በቆላ ምንም ሳያሳይ በደጋ መኪናውን ሊያፈላው ይችላል። በራዲያተሩ ውስጥም ተራ ውኃ ብቻ ሳይኾን እንዳይረጋና እንዳይዝግ የሚያደርገው ፈሳሽ ቢኖር ለውርጩም ለሙቀቱም ይጠቅማል። ሲግል ክዳኑን መክፈት ግን ፊትንና እጅን ያቃጥላልና ልጆች እንዳይቀርቡ፣ ዐዋቂም እስኪበርድ እንዲታገሥ አጥብቀን እንመክራለን።

የጐማም ነገር እንዲሁ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ የጐማ ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ጐማው አይነዳም፤ ለዝናብና ለጭቃ ግን ከዚያ በላይ መኖሩ ይሻላል። ጥርሱ ደኅና ኾኖ በዕድሜ የደረቀ ጐማም አለ። ይህን ለማወቅ ከጐማው ጐን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ጋራ ያሉትን አራት ቍጥሮች ማየት ነው። 2319 ቢል በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ይህን ለማንበብ መካኒክ መኾን አያስፈልግም፤ ፊደል የቈጠረ የቤቱ ልጅ አንብቦ ሊናገር ይችላል። የጐማውም ነፋስ የሚለካው መኪናው ሳይሞቅ፣ በጧት ነው። መለዋወጫው ጐማ፣ ክሪኩና የጐማ መፍቻው መኖራቸውንም ከመነሣት በፊት ማየት ይገባል፤ በጓሳ ሜዳ ላይ በሌሊት ጐሚስታ አይገኝምና።

ከዚህ ቀጥለን ስለ ሰርቪሱ ሥርዐት እንናገር። እያንዳንዱ መኪና ሠሪው የጻፈለት መጽሐፍ አለው። በዚያ መጽሐፍ በየስንት ሺሕ ኪሎ ሜትሩ ወይም በየስንት ወሩ ምን እንደሚለወጥ ተጽፏል። ተራ የሞተር ዘይት ብዙ ጊዜ በ5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲንቴቲክ የሚባለው ደግሞ ከዚያ ዘግይቶ ይለወጣል። ነገር ግን መጽሐፉ «ከባድ አገልግሎት» ለሚለው መኪና ጊዜውን ያሳጥራል። አቧራ፣ ዳገት፣ ብርድና ጭነት ሲኖር ከባድ አገልግሎት ይባላል፤ ይህም የመንዝ መንገድ መግለጫ ነው ቢባል ሐሰት አይኾንም። ስለዚህ ወደዚህ አገር የሚመላለስ ሰው አጭሩን ጊዜ እንጂ ረጅሙን አይቍጠር።

ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው «ሰርቪስ አድርግልኝ» ብሎ መኪናውን ጥሎ ቢሄድ ምን እንደ ተደረገለት አያውቅም። ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚሄድ ሰው እንኳ የጨርቁን ልክ ያስለካል። ስለዚህ የሚለወጠውን ነገር አስቀድሞ አጽፎ መስጠት፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳዩት መጠየቅ፣ የተሠራበትን ቀንና የተነበበውን ኪሎ ሜትር በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ ይገባል። ጐማው ተፈትቶ የፍሬኑ ሸራ እንዲታይም በግልጽ ማዘዝ ያስፈልጋል። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቈጣም፤ ሥራውን የሚያውቅለት ሰው በማግኘቱ ደስ ይለዋል። ደብተሩ በቤት ውስጥ ቢቀመጥና እመቤቲቱ ብትይዘው መልካም ነው። የቤቱን ወጪ የምታውቅ እርስዋ ናትና፣ ከየወሩ ወጪ ለመኪናው ጥገና ጥቂት እየለየች ብታስቀምጥ፣ የጥገናው ጊዜ ሲደርስ «ገንዘብ የለም፤ ለሚመጣው ወር ይቈይ» የሚለው ክፉ ቃል ከቤት ይወጣል።

ሥልጣንና ሹመት ላላቸው አንባቢዎቻችን ደግሞ አንድ የተለየ ነገር እንናገር። ብዙዎቻችሁ መኪናውን የምትነዱት ራሳችሁ አይደላችሁም፤ ነጂ አላችሁ። ነጂው አንድ ጧት በሩን ከፍቶ ቆሞ፣ «ጌታዬ፤ ፍሬኑ ትንሽ ላላ ይላል፤ ጋራዥ ቢያዩት ይሻላል» ቢላችሁ፣ «ግድ የለም፤ ከስብሰባው ስንመለስ ታሳየዋለህ» ማለት ቀላል ነው። ነጂው በአክብሮት ዝም ይላል፤ ደግሞ ለመናገር ይፈራል። በማግስቱ መኪናው ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ ግን ፍሬኑ የጌታውን ማዕርግ አይጠይቅም። እንግዲህ ነጂው ስለ መኪናው የሚናገረው ቃል እንደ ሎሌ ልመና ሳይኾን እንደ ባለ ሙያ ምስክርነት ሊሰማ ይገባል። «አይሄድም» ያለውን መኪና «ይሂድ» ብሎ ያዘዘ ሰው፣ ለሚመጣው ነገር ኹሉ በኅሊናው ፊት ተጠያቂ ነው።

ሌላም ነውር አለ። አንዳንድ ሰው የምርመራው ቀን ሲደርስ ከወዳጁ ደኅና ጐማ ተውሶ፣ የእሳት ማጥፊያና የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ለምኖ ያቀርባል፤ ቦሎውን በተቀበለ ማግሥት ኹሉን መልሶ ያረጀውን ጐማ ይገጥማል። ሌላውም መኪናውን ሳያቀርብ ወረቀቱን በገንዘብ ሊያገኝ ይሞክራል። ይህን የሚያደርግ ሰው መንግሥትን ያታለለ ይመስለዋል። ነገር ግን መርማሪው በዚያ መኪና አይሳፈርም፤ የሚሳፈሩት የሰውየው ሚስትና ልጆቹ ናቸው። እንግዲህ የተታለለው ማን እንደ ኾነ እርሱ ይፍረድ።

እንዲህ ያለው ምርመራ የአገራችን ብቻ ልማድ እንዳይመስል የሌሎችንም ጠቅሰን እናልፋለን። በእንግሊዝ አገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓመት ምርመራው ሲዠመር ዐሥር ዓመት ያገለገሉ መኪኖች ፍሬናቸው፣ መሪያቸውና መብራታቸው እንዲታይ ታዘዘ፤ ዛሬ ግን መኪናው ሦስት ዓመት ሲሞላው ይዠመርና በየዓመቱ ይቀጥላል። በጀርመንና በጃፓን የግል መኪና መዠመሪያ በሦስተኛው ዓመት፣ ከዚያ በኋላ በየኹለት ዓመቱ ይመረመራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ዓመት በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል ነው። የአደጋው ምክንያት ፍጥነት፣ መጠጥና ድካም ጭምር እንጂ የመኪና ብልሽት ብቻ አይደለም። ነገር ግን ከምክንያቶቹ ኹሉ አስቀድሞ በጋራዥ ውስጥ፣ ያለ ጭንቅ፣ በጥቂት ገንዘብ ሊወገድ የሚችለው ይኸው ብልሽት ነው።

አኹን ደግሞ ዐዲስ ዘመን መጥቷል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል። ዘይት የማይለወጥላቸው ስለ ኾኑ ጥገና አያስፈልጋቸውም የሚል ዐሳብ ሲነገር እንሰማለን፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። ጐማ፣ መሪ፣ የፍሬን ዘይትና ሸራ አላቸውና። ቍልቍለት ሲወርዱ ሞተራቸው መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ኾኖ ቍልቍለት ቢዠምሩ የሚሞላ ስፍራ ስለማይኖር ሞተሩ እንደ ወትሮው አይዝም፤ ሸክሙ ኹሉ ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። ያ ፍሬን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት ስለሚቈይ ሊዝግ ይችላል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤትም ከዚህ ምክር ውጭ አይደለም።

ለልደት፣ ለጥምቀት ወይም ለመስቀል ወደ አገራቸው ለሚጓዙ ቤተ ሰቦች ይህን በአጭሩ እንጽፍላቸዋለን። ከመነሣታችሁ አንድ ሳምንት በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ።

1ኛ፤ የፍሬኑ ሸራ ጐማ ተፈትቶ የታየው መቼ ነው? የፍሬኑስ ዘይት ስንት ዓመት ኾነው?

2ኛ፤ የአራቱም ጐማዎችና የመለዋወጫው ጥርስ፣ ዕድሜና ነፋስ እንዴት ነው?

3ኛ፤ የራዲያተሩ ውኃ፣ ክዳኑና ጐማዎቹ ደኅና ናቸውን? ቺንጋውስ አልተሰነጣጠቀምን?

4ኛ፤ የፊትና የኋላ መብራቶች፣ ፍሬቻዎችና የጉም መብራት ይበራሉን? በጣርማ በር ጉም ሲወርድ ቀኑ ሌሊት ይመስላልና።

5ኛ፤ የተሳፋሪውና የጓዙ ክብደት መኪናው ከሚችለው አይበልጥምን? ለልጆቹስ ቀበቶ አላቸውን?

6ኛ፤ ቦሎውና መድኑ ጊዜአቸው አላለፈምን?

ቦሎውን በመጨረሻ ያደረግነው ንቀን አይደለም። በፊት ያሉት አምስቱ የተመለሱለት ሰው ስድስተኛውን ሳይፈራ ያገኘዋል፤ ስድስተኛውን ብቻ ይዞ የሚሄድ ግን ከአምስቱ አንዱ ቍልቍለቱ ላይ ሊጠይቀው ይችላል። ሳምንት ቀድሞ መጠየቅም ምክንያት አለው፤ ዋዜማ ላይ የተገኘ ብልሽት የሚጠገን ሳይኾን የሚሸፈን ነው፤ ሰው በዓል ሲደርስ ይቸኵላልና።

አገሩ ከፍ ያለ፣ መንገዱም ገደል የበዛበት መኾኑ ሊያስፈራን አይገባም። አባቶቻችን በዚሁ ገደል ወጥተው ወርደው ልጅ አሳድገዋል፤ ገበያም ዘምተውበታል። እነርሱ ከአፋፉ ላይ ቆመው ልጓሙን ሳያዩ አልወረዱም፤ እኛም ፍሬኑን ሳናይ አንውረድ። ወላጆች በመሐል ሜዳ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ደጃፍ ቆመው የሚጠብቁት የመኪናውን ውበት ሳይኾን ከውስጡ የሚወርዱትን ልጆች ነውና፣ መንገዳችሁ የቀና ይኹን እንላለን።